ማንዋል ካምቢዮ ዋጋ የሚያንረው መቼ ነው?
ለገጣፎ በምንገናኝበት ጋራዥ «ማንዋል የሆነ ስፖርት መኪና ሁሉ ውድ ነው» የሚለው አባባል ብዙዎችን አደናግሯል። ስህተት ነው። ዋጋ የሚያንረው ፈላጊው በዝቶ መኪናው ሲያንስ ነው።

ፖርሼ እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጣው 911 አር የተባለው ስፖርት መኪና በማንዋል ብቻ ተሠራ፤ ብዛቱም 991 መኪና ብቻ ነው። ጂቲ3 የተባለው የዚያ ጊዜው ሌላ የፖርሼ 911 ስፖርት መኪና አውቶማቲክ ብቻ ስለነበር፣ ፍሪሲዮን ረግጦ ማርሽ መቀየር የሚወድ ሁሉ ወደ 911 አር ዞረ፤ ዋጋውም ከፋብሪካው ተመን እጅግ በላይ ወጣ። በ2017 ጂቲ3 በማንዋልም ሲመጣ ግን ረገበ። መኪናው አልተለወጠም፤ የተለወጠው የገዢው ምርጫ ነው።

እስከዚህ እርግጥ ነው። የጭማሪው መጠን ግን እንደ ሞዴሉ፣ እንደ ተነዳው ኪሎ ሜትርና እንደ አያያዙ ይለያያል። የሱሉልታን ዳገት የምንወጣባት ማንዋል ኮሮላ ግን እጅግ ብዙ ስለተሠራች በካምቢዮዋ ብቻ ዋጋዋ አይንርም።