ሴቶች ፓርላማ እንዴት ይገባሉ? የምርጫ ሥርዓትና ኮታ

በ1987ቱ ምርጫ ሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የገቡት ሴቶች ከመቶ 3 እንኳ አይሞሉም ነበር። በ1997 ከመቶ 20 አለፉ። በ2007 ደግሞ ከ547 መቀመጫ 212ቱን ያዙ። በእነዚህ ዓመታት ለሴቶች ይህን ያህል ወንበር ይሰጥ የሚል ሕግ አልነበረም። ታዲያ ቁጥሩ ከየት መጣ?

ከፓርቲ ውሳኔ ነው። ኢሕአዴግ ለ1997ቱ ምርጫ ከዕጩዎቹ 30 በመቶው ሴቶች እንዲሆኑ ወሰነ። ወንበሩን በብዛት የሚያሸንፈው እሱ ስለነበር ውሳኔው በቀጥታ ፓርላማው ላይ ታየ። ይህ ደስ ይላል፣ ያሳስባልም። ፓርቲ በፈቃዱ የሰጠውን በፈቃዱ ሊያነሳው ይችላል።

የእኛ ሥርዓት አብላጫ ድምፅ ነው። በአንድ የምርጫ ክልል አንድ ሰው ብቻ ያሸንፋል፣ ፓርቲውም የሚያቀርበው አንድ ዕጩ ነው። ሴቷ ከቀረበች ወንዱ ቀረ ማለት ነው። በአካባቢው ስም ያወጣው፣ ገንዘብ ያለው፣ ሽማግሌዎች የሚያውቁት ደግሞ ብዙ ጊዜ ወንዱ ነው። ናይጄሪያም በዚሁ ሥርዓት ትመርጣለች፤ ኮታ ስለሌላት በተወካዮች ምክር ቤቷ ያሉት ሴቶች ከመቶ 5 አይሞሉም።

በተመጣጠነ ውክልና ነገሩ ይለያል። ፓርቲው የሚያቀርበው የስም ዝርዝር ነው፤ ወንበር የሚያገኘውም ባገኘው ድምፅ ልክ ነው። ሴት ለማስገባት ወንዱን ማስወጣት ግድ አይሆንም። ወሳኙ ነገር ስሟ ስንተኛ ላይ ነው የሚለው ነው። ፓርቲው 10 ወንበር ቢያገኝ 11ኛ ላይ የተጻፈችው ሴት ቤቷ ትቀራለች። አርጀንቲና እ.ኤ.አ. በ1991 ሕግ ስታወጣ ይህን አስባበታለች። 30 በመቶው ሴት ይሁን ብላ አላበቃችም፤ ሊያሸንፉ በሚችሉበት ተራ ላይ ይቀመጡ አለች። ብራዚልም የዕጩ ኮታ አላት። ግን እዚያ መራጩ ከዝርዝሩ ውስጥ ሰው ይመርጣል፣ ተራ የሚባል ነገር የለም። ሴቶቹ ለረጅም ዓመታት 10 በመቶ አካባቢ ቆዩ። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ2000 ሴትና ወንድ እኩል ዕጩ አቅርቡ፣ ያላቀረበ ይቀጣል ስትል፣ ትልልቆቹ ፓርቲዎች ለፓርላማ ምርጫ ቅጣቱን መክፈል መረጡ።

ለሴቶች የተለየ ወንበርንና የፓርቲ ዝርዝርን ያጣመረችው ሩዋንዳ ናት። እ.ኤ.አ. የ2003 ሕገ መንግሥቷ ከ80 መቀመጫ 24ቱን ለሴቶች ብቻ ለየ። ለነዚህ ወንበሮች ድምፅ የሚሰጡት የአካባቢ ምክር ቤቶችና የሴቶች ምክር ቤት አባላት ናቸው። 53ቱ ደግሞ በፓርቲ ዝርዝር ይሞላሉ። እ.ኤ.አ. በ2008 ሴቶች ከግማሽ በላይ ሆኑ፤ በዓለም የመጀመሪያው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2024 ምርጫ 51 ደረሱ። 24ቱን ብንቀንስ እንኳ 27 ይቀራሉ፤ አብዛኞቹም በፓርቲ ዝርዝር የገቡ ናቸው። እርግጥ አንድ ፓርቲ በገነነበት ፓርላማ ቁጥር ብቻውን ሥልጣን አይሆንም። ይህ ለእኛም ይሠራል።

በ2013ቱ ምርጫ የእኛ ሴቶች ድርሻ 40 በመቶን አልፏል። የምርጫ አዋጁ 1162/2011 መንግሥት ለፓርቲዎች ድጋፍ ሲያከፋፍል የሴት ዕጩዎቻቸውን ቁጥር እንዲያይ ያደርጋል። ማበረታቻ እንጂ ግዴታ አይደለም። ወደ ተመጣጠነ ውክልና እንሂድ ከተባለ ደግሞ አንቀጽ 54 አብላጫ ድምፅን በስሙ ስለጠራው ሕገ መንግሥቱን ማሻሻል ያስፈልጋል። በፓርቲ ዕጩዎች ላይ አስገዳጅ ኮታ ማውጣት ግን የምርጫ ሥርዓቱን መለወጥ አይጠይቅም።