ከባትሪ ድንጋይ እስከ በሽሎ፦ የኤሌክትሪክ ትምህርት በወሎ

የወሎ ልጅ ፊዚክስ ሳይማር «ኮረንቲ» የሚለውን ቃል ያውቃል። ቃሉ ከጣሊያንኛ የመጣ ሲሆን የሚፈስ ማለት ነው። ትምህርቱም ያው ነው፤ የሚፈስ ነገር አለ፣ ለመፍሰስ ደግሞ ዞሮ የሚመለስበት መንገድ ይፈልጋል።

ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ የሳይንስ መጻሕፍቱ በእንግሊዝኛ ናቸው። ስለዚህ የኦምን ሕግ (ቮልት፣ ኮረንቲና የሽቦው ተቃውሞ የሚዛመዱበትን ቀመር) ሸምድዶ፣ ሽቦ በእጁ ሳይነካ የሚያልፍ ተማሪ አለ። ይሄ ያሳዝናል፤ ምክንያቱም የሚያስፈልገው ዕቃ ከሱቅ አይጠፋም። አንድ ባለ 1.5 ቮልት የባትሪ ድንጋይ፣ ትንሽ የእጅ ባትሪ አምፖልና ሁለት ቁራጭ ሽቦ ይበቃል።

ዕቃውን ለተማሪዎቹ ስጧቸውና «አብሩት» በሏቸው። ብዙዎቹ በመጀመሪያ አንድ ሽቦ ብቻ ከአምፖሉ ቂጥ ጋር ያገናኛሉ። አይበራም። ድንጋዩን ይገለብጣሉ፣ አሁንም አይበራም። አምፖሉ ሁለት መግቢያ እንዳለው፣ አንዱ ከሥሩ ያለው ነጥብ፣ ሌላው ጎኑ ላይ ያለው ጥርስ መሆኑን ያገኙ ዕለት ግን ክፍሉ ይጯጯሃል። ዑደት የሚባለው፣ ኮረንቲው ዞሮ የሚመለስበት መንገድ፣ ያን ጊዜ ገባቸው ማለት ነው። የቤቱ ሶኬት ግን 220 ቮልት ስለሆነ ለሙከራ አይነካም። ይህንን ደጋግሞ መናገር ያስፈልጋል።

እያንዳንዱ አምፖል የራሱ መንገድ ያለውን ትይዩ ዑደት ለማስረዳት ቤታቸው ይበቃል። የሳሎኑ አምፖል ቢቃጠል የጓዳው መብራት አይጠፋም። በተከታታይ የተያያዘ ቢሆን ኖሮ ሁሉም ይጨልም ነበር።

ማመንጨትን ለማስተማር የውሃ ወፍጮ ጥሩ መነሻ ነው። ውሃው መዘውሩን ይገፋል፣ መዘውሩ ድንጋዩን ያዞራል። በድንጋዩ ቦታ በሽቦ ጥቅል ውስጥ የሚዞር ማግኔት ቢኖር ኤሌክትሪክ ይመነጫል። እንግሊዛዊው ሳይንቲስት ፋራዴይ ይህን መርህ እ.ኤ.አ. በ1831 አሳይቷል።

ከዚያ ካርታ ይዘርጋ። ከላስታ ተራሮች የሚነሳው ተከዜ 300 ሜጋዋት የሚያመነጭ ግድብ አለው። ከኩታበር በስተ ምዕራብ የሚነሳው በሽሎ ዓባይ ውስጥ ይገባል፤ ወርዶም 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም ያለውን፣ በ2017 ዓ.ም. መጨረሻ የተመረቀውን የሕዳሴ ግድብ ይቀላቀላል። በደሴና በኮምቦልቻ በኩል የሚወርደው ቦርከና ግን ወደ አዋሽ ይሄዳል፤ የሚገናኘውም ከቆቃና ከሌሎቹ የአዋሽ ማመንጫዎች በታች ስለሆነ ተርባይን (የማመንጫ መዘውር) አያዞርም። ተማሪው የሰፈሩ ዝናብ በየትኛው በኩል እንደሚወርድ በጣቱ ይከተል።