ማይንክራፍት ሞድ ለመሥራት ኮምፒውተር ማዘጋጀት

ማይንክራፍት በተባለው ጌም ጃቫ እትም ላይ ሞድ (ጌሙን የሚለውጥ ተጨማሪ ፕሮግራም) መሥራት የሚፈልግ ሰው አንድ መስመር ኮድ ሳይጽፍ በፊት አራት ነገር ያስፈልገዋል፦ ጄዲኬ (የጃቫ ፕሮግራም መሥሪያ)፣ ኮድ መጻፊያ ፕሮግራም፣ ግሬድል (ኮዱን ወደ ሞድ የሚገነባው መሣሪያ) እና የሞድ ሎደር (ሞዱን ጌሙ ላይ የሚጭነው)። ኢንተርኔቱ ካልለገመ በአንድ ከሰዓት በኋላ ያልቃል። ቤድሮክ የሚባለው የስልክና የኮንሶል እትም አድኦኖቹ በጄሰንና በጃቫስክሪፕት ስለሚጻፉ ሌላ ዓለም ነው፣ እዚህ አንገባበትም።

የጣጣው ሁሉ ምንጭ አንድ ነው። የጌሙ ባለቤት የስዊድኑ ሞጃንግ ጌሙን ሲያወጣ በኮዱ ውስጥ ያሉትን ስሞች ትርጉም በሌላቸው አንድና ሁለት ፊደላት እየተካ ነበር። ኮዱን መክፈት ይቻላል፣ የትኛው በሬ የትኛው ዛፍ እንደሆነ ግን አይታወቅም። ስሞቹ ደግሞ በየቨርዥኑ ይቀያየሩ ነበር። ለእነዚያ ቨርዥኖች የምንጭናቸው መሣሪያዎች ጊዜያቸውን የሚያጠፉት በአብዛኛው እነዚህን ስሞች ወደ ሰው ቋንቋ በመመለስ ነው።

ይህን ሥራ የጀመረው ኤምሲፒ የተባለው ስብስብ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2010 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም እንደዚያው ናቸው)። ጌሙን ዲኮምፓይል አድርጎ (ወደሚነበብ ኮድ መልሶ) ስም ይሰጠዋል። ስሞቹን የሚያዋጣው ማንም ፈቃደኛ ሰው ነበር፣ በአይአርሲ ቻት ላይ ለተቀመጠ ቦት (በራሱ የሚሠራ ፕሮግራም) "ይሄ ሜተድ (አንድ ሥራ የሚሠራ የኮድ ክፍል) ይህን ይሠራል" እያሉ ይጽፉለታል። ደሞዝ የሌለው ሥራ ነው፣ ለዓመታት ያለማቋረጥ ተሠርቷል። የስብስቡ ዋና ሰው ሰርጅ በኋላ ሞጃንግ ራሱ ቀጠረው። የጌሙን ኮድ ማከፋፈል ስለማይፈቀድ ኤምሲፒ ጌሙን አይሰጥህም፣ አንተው ካለህ ጌም ላይ የሚሠራ መሣሪያ ነው የሚሰጥህ። ይህ ልማድ ዛሬም አለ። ግሬድል መጀመሪያ ሲነሳ የሚያንቀራፍፈው ጌሙን ከሞጃንግ ሰርቨር አውርዶ እዚያው ኮምፒውተርህ ላይ ስሞቹን ስለሚለውጥ ነው።

"ሞድሎደር" የሚባል የሞድ ሎደርም ነበረ። በ2011 ፎርጅ የተባለው የሞድ ሎደር መጣ፣ በ1.7 ቨርዥን አካባቢ ሁሉንም ነገር ወደ ግሬድል አዛወረ፣ ለብዙ ዓመታትም ሞድ ማለት ፎርጅ ማለት ነበር።

ሌላው የሞድ ሎደር ፋብሪክ በ2018 መጨረሻ ላይ ብቅ አለ። ቀላል ነው፣ ፈጣን ነው፣ አዲስ ቨርዥን ሲወጣም አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ የሚደርሰው እሱ ነው። ስሞቹንም ከማንም አልተዋሰም፣ ያርን የተባለውን የስም ዝርዝር ከዜሮ ሠርቶ ማንም እንደፈለገ እንዲጠቀምበት ለቀቀው። ሞጃንግ በ2019 የራሱን ስሞች ሲያወጣ ፈቃዱ ምን ድረስ እንደሚያስኬድ ሞድ ሠሪዎች ብዙ ተጨቃጨቁበት። የፎርጅ ሰዎች በኋላ ወደ ሞጃንግ ስሞች ገቡ፣ ያርን ግን ቀጠለ። በ2023 ደግሞ አብዛኛው የፎርጅ ቡድን ተገንጥሎ ኒዮፎርጅን መሠረተ። ምክንያቱ ከዋናው አስተዳዳሪ ጋር አለመግባባት ነው ይባላል፣ ሁለቱም ወገን የየራሱን ይላል። በጥቅምት 2025 ሞጃንግ ስሞቹን መደበቅ እንደሚያቆም አስታወቀ። አሥራ አምስት ዓመት ዘግይቶ፣ ግን ይሁን።

ለቆዩት ቨርዥኖች ግን የስሙ ጉዳይ አለ። ያርን "ወርልድ" የሚለውን ክላስ (ብዙ ሜተዶችን የሚይዝ የኮድ ክፍል) ሞጃንግ "ሌቭል" ይለዋል፣ ፋብሪክ በውስጡ ደግሞ "ክላስ 1937" ብሎ ያውቀዋል። ሦስቱም አንድ ናቸው። ከዩቲዩብ የቀዳኸው ኮድ በቀይ ከተሰመረብህ መጀመሪያ የምታየው ሰውየው በየትኛው ስም እንደጻፈ ነው።

ወደ ጭነቱ እንምጣ። ጄዲኬው እንደ ጌሙ ቨርዥን ይለያያል፦ እስከ 1.16.5 ጃቫ 8፣ ለ1.17 ጃቫ 16፣ ከ1.18 እስከ 1.20.4 ጃቫ 17፣ ከ1.20.5 ጀምሮ እስከ 1.21ዎቹ ጃቫ 21። ቴሙሪን የሚባለው ጄዲኬ ነፃ ነው፣ ይበቃል። ጀማሪን በብዛት የሚያሰናክለው "አንሰፖርትድ ክላስ ፋይል ሜጀር ቨርዥን 65" የሚለው ኤረር ነው። ቁጥሩ ላይ 44 ቀንስ፣ 21 ይመጣል፣ ጃቫ 21 ማለት ነው። ማለትም ጃቫህ አዲስ ነው፣ ፕሮጀክቱ ይዞት የመጣው ግሬድል ግን አርጅቷል፣ ጃቫ 21 ላይ ለመነሳት ቢያንስ ግሬድል 8.5 ይፈልጋል።

ኮድ መጻፊያው ላይ ኢንተሊጄ የተባለውን የሚመርጠው ይበዛል፣ በነፃ የሚገኘው አያንስም። ኤክሊፕስም ይሠራል። ግሬድልን ለብቻው መጫን አያስፈልግም። ከፋብሪክ ወይም ከኒዮፎርጅ ድረ ገጽ የምታወርደው ባዶ ፕሮጀክት ይዞት ይመጣል፣ ፎልደሩን በኮድ መጻፊያው ከፍተህ መጠበቅ ነው። ይህ የመጀመሪያው ዳውንሎድ ዳታ ይበላል፣ በሞባይል ፓኬጅ ባትሞክረው ይሻላል። ጓደኛህ ያንኑ ቨርዥን ጨርሶ ከሆነ ዩዘር ፎልደሩ ውስጥ ያለውን የግሬድል ካሽ (ያወረደውን የሚያስቀምጥበት) በፍላሽ ገልብጠህ በኦፍላይን ሞድ ማስነሳት ትችላለህ፣ ብዙውን ያስቀርልሃል። ራም ላይ 8 ጊጋ ያለው ላፕቶፕ ይችላል፣ ብራውዘሩን ከዘጋኸው። 4 ጊጋ ያለው ግን ፍዳውን ያያል።

"ራንክላየንት" የሚለውን የግሬድል ትእዛዝ ስትሰጥ ጌሙ ሞድህን ይዞ ይነሳል፣ ስምህም "ፕሌየር" ተብሎ ከኋላው ቁጥር ይለጠፍበታል። አካውንት አልጠየቀኝም ብለህ አትደንግጥ፣ ለሙከራ ብቻ ነው። በዲበግ (በኮድ መጻፊያው የስህተት መፈለጊያ) ካስነሳኸው ሜተድ ውስጥ ያለውን ኮድ ቀይረህ ጌሙን ሳትዘጋ ለውጡን ማየት ይቻላል። አዲስ ሜተድ ወይም ክላስ ከጨመርክ ግን በተለመደው ጃቫ አይሄድም፣ ዘግተህ መክፈት ነው።

ስትጨርስ "ቢልድ" በል። የተሠራው ጃር (የሞድህ ፋይል) ቢልድ ውስጥ ሊብስ የሚባል ፎልደር ውስጥ ይቀመጣል። ሁለት ፋይል ካገኘህ "ሶርስስ" የሚል ያለበትን ተወው፣ ሌላኛውን ጌሙ ሞድስ ፎልደር ውስጥ ክተት። ፋብሪክ ኤፒአይ የተባለውን የተዘጋጀ ኮድ ከተጠቀምክ የእሱን ጃርም አብረህ አስገባ፣ አለበለዚያ ጌሙ ገና ሲከፈት የጎደለውን ጠርቶ ይቆማል።