«ኑዛዜ ይበቃቸው ነበር» ለምትሉኝ

አሜሪካ ውስጥ የሰው ታክስ መሥራት ከጀመርኩ ቆየሁ። የተመሳሳይ ጾታ ጋብቻ ወሬ ሲነሳ የማይቀርልኝ አንድ አባባል አለ፦ «ነገሩ የንብረት ከሆነ ኑዛዜ ይጻፉ፤ ጋብቻ ምን ያደርግላቸዋል?» ጋብቻውን መደገፍና መቃወም ሌላ ክርክር ነው። ይሄኛው ግን የሒሳብ ስህተት ነው።

ኑዛዜ ንብረት ያስተላልፋል እንጂ ግብር አያነሳም። ኢዲት ዊንድሰርን ተመልከቱ። ከሴት ፍቅረኛዋ ከቲያ ስፓየር ጋር በ2007 (በፈረንጅ ነው የምቆጥረው) ካናዳ ሄደው ተጋቡ። ስፓየር በ2009 ስትሞት ንብረቷን በኑዛዜ አወረሰቻት። ኑዛዜው ምንም አልጎደለውም። የ1996ቱ የፌዴራል ሕግ ግን ጋብቻ የሚለው የወንድና የሴትን ብቻ ስለነበር ዊንድሰር እንደ ባዳ ተቆጠረች። 363,053 ዶላር የፌዴራል የውርስ ግብር ከፈለች። ባሏ የሞተባት ሴት ብትሆን ኖሮ ዜሮ ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ያንን አንቀጽ በ2013 የሻረው በ5 ለ4 ድምፅ ነው።

ውርሱስ ይቅር። ሶሻል ሴኩሪቲ (የመንግሥት ጡረታ) የትዳር ጓደኛ ለሞተበት ሰው የሚከፍለውን ገንዘብ በኑዛዜ ማን ያወርሳል? የጤና ኢንሹራንስም አለ። አንድ ደንበኛዬ መሥሪያ ቤቱ ለፍቅረኛው የሚከፍለው ኢንሹራንስ እንደ ደመወዝ እየታሰበ ታክስ ይቆረጥበት ነበር። አጠገቡ የሚሠራው ባለትዳር ግን ሰባራ ሳንቲም አይቆረጥበትም።

«ሲጋቡ ታክሳቸው ይቀንሳል»፦ ሁልጊዜ አይደለም። ከ2013ቱ ውሳኔ በኋላ አይአርኤስ (የፌዴራል ግብር ሰብሳቢው መሥሪያ ቤት) ያለፉትን ዓመታት ታክስ እንደ ባለትዳር ማስተካከል ፈቀደ፤ አላስገደደም። ሁለቱም ደህና ደመወዝ ያላቸው ጥንዶች «ገንዘብ ይመለስልናል» ብለው እየሮጡ መጡ። ስሠራው ጭራሽ ዕዳ ወጣ። ወረቀታችሁን ይዛችሁ ሂዱ አልኳቸው።

«መንግሥትን ያከስራል»፦ የኮንግረስ የበጀት ቢሮ በ2004 ሲያሰላው ጋብቻው ቢፈቀድ በጀቱን በትንሹ ያሻሽላል ነው ያለው፤ በዓመት ከ1 ቢሊዮን ዶላር ባነሰ።

«ቄሱ እንዲያጋባቸው ይገደዳል»፦ አይገደድም።

«የ2022ቱ የፌዴራል ሕግ ሁሉም ግዛት እንዲያጋባ ያዛል»፦ አያዝም። ሌላ ግዛት ውስጥ በሕግ የተፈጸመውን እወቁ ነው የሚለው። «አጋቡ» ያለው የ2015ቱ የጠቅላይ ፍርድ ቤት የኦበርገፈል ውሳኔ ነው።

ደግሞ ተጋባን ብላችሁ ቅጾቻችሁን አትርሱ። አይአርኤ የጡረታ ሒሳብ ላይ ወራሽ ብላችሁ የሞላችሁት ስም ኑዛዜውን ይበልጣል። ከ10 ዓመት በፊት የእህታችሁን ስም ጽፋችሁ ከሆነ ነገ ሄዳችሁ ቀይሩት።