የጋራ የመሬት ይዞታ ደብተር ምንድን ነው?

የጋራ የመሬት ይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ባልና ሚስት አብረው የያዙት የገጠር መሬት በሁለቱም ስም መመዝገቡን የሚያሳይ ሕጋዊ ሰነድ ነው። በኢትዮጵያ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ በመሆኑ ደብተሩ የመሸጥ መብት አይሰጥም፤ የሚያረጋግጠው የማረስ፣ የማከራየት፣ የማውረስና ጋብቻ ሲፈርስ ድርሻን የማግኘት መብትን ነው።

በአማራ ክልል በመጀመሪያው ዙር የታደለውን ደብተር የገለጠ ሰው የባልና የሚስትን ፎቶግራፍ ያገኛል፤ እያንዳንዱ ማሳም በምሥራቅ፣ በምዕራብ፣ በሰሜንና በደቡብ ከማን ጋር እንደሚዋሰን ተጽፏል። ቀደም ብላ ምዝገባውን የጀመረችው ትግራይ ግን ደብተሩን የሰጠችው በቤቱ ኃላፊ ስም ስለነበር፣ ባሏ የሞተባት ወይም የተፋታች ሴት በራሷ ስም ስታገኝ ባል ያላት ሴት ስም ግን ሳይሰፍር ቀርቷል። በ1997 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል አዋጅ ቁጥር 456 የጋራ መሬት ደብተር በሁሉም ባለይዞታዎች ስም እንዲዘጋጅ ደነገገ።

ደብተሩን ከዘላቂ እርሻ ጋር የሚያገናኘው ጊዜ ነው። እርከን መሥራትና የፍራፍሬ ችግኝ መትከል ዛሬ ጉልበት በልቶ ጥቅሙ የሚታየው ከዓመታት በኋላ ነውና፣ ከተፋታሁ ባዶ እጄን ወደ ወላጆቼ እመለሳለሁ ብላ የምትሰጋን ሴት ድንጋይ ተሸክመሽ እርከን ሥሪ ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው። በትግራይ የተካሄደ ጥናትም ደብተር መስጠቱ የእርከን ጥገናንና ምርታማነትን እንዳሻሻለ አሳይቷል።

በአብዛኛው የሰሜን ደጋ ሴት በሬ ጠምዳ አታርስም የሚለው ልማድ ስለጸና፣ ብቻዋን ቤት የምታስተዳድር እናት መሬቷን ለእኩል አራሽ፣ ማለትም አርሶ ምርቱን እኩል ለሚካፈላት ሰው፣ ትሰጣለች። አራሹ ብዙ ጊዜ የባሏ ዘመድ ነው፤ የራሱን ማሳ አርሶ ሲጨርስ ወደ እርሷ ቢመጣና የዘሩ ጊዜ ቢያልፍባት እንኳ፣ ብናገር መሬቴን ይነጥቀኛል ብላ ዝም ማለቷ የተለመደ ነበር። ደብተሩ ከሁሉ በላይ የጠቀማት እዚህ ላይ ይመስለኛል፤ አራሽ ለመቀየር አቅም ሰጥቷታል። በሬ ግን አይሆናትም፤ የምርቱ እኩሌታ አሁንም ወደ ሌላ ጎተራ ይገባል።

በ2016 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1324 የመጠቀም መብትን ለብድር ዋስትና ማስያዝን ፈቅዷል። በብድሩ በሬ መግዛት ይቻላል፤ ዝናብ ቀርቶ ዕዳው ካልተከፈለ ግን አደጋ ላይ የሚወድቀው ያው መሬት ስለሆነ፣ ከአንድ ማሳ በቀር ሌላ የሌላት ሴት ለመፈረም ብታመነታ አይፈረድባትም።