የማህበረሰብ ኦርኬስትራ ምንድን ነው? ባሕር ዳር ላይ ቢቋቋምስ ማን በማን ይቃኛል?

ባለፈው ክረምት ስድስት ሆነን ባሕር ዳር አንድ ሳሎን ውስጥ ተሰበሰብን። አንድ ማሲንቆ፣ ሁለት ክራር፣ አንድ ዋሽንት፣ አንድ ኦርጋን፣ አንድ ከበሮ። ሐሳባችን ቀላል ነበር። አንድ ትዝታ አብረን እንጫወትና ቡና ጠጥተን እንለያይ። አርባ ደቂቃ አለፈ፣ ትዝታው አልተጀመረም። ባለማሲንቆው በራሱ ጉሮሮ ልክ ቃኝቶ መጥቷል። ሁለቱ ክራሮች እርስ በርሳቸው አይተዋወቁም። ከበሮው በሐይቁ እርጥበት ላልቶ፣ ሲመቱት ጤፍ የተሞላ ጆንያ ይመስላል። ቡና የምታፈላልን የቤቱ ባለቤት እህት ብቅ አለችና «መቼ ነው የምትጀምሩት?» አለችን። እኛ የጀመርን መስሎን ነበር።

የማህበረሰብ ኦርኬስትራ የሚባለው ነገር ምን እንደሆነ የገባኝ ያን ቀን ነው። ስሙን ከሰማሁት ግን ቆይቷል።

እኛ አገር ኦርኬስትራ ሲባል ትዝ የሚለን ክቡር ዘበኛ፣ ምድር ጦር፣ ፖሊስ ሠራዊት ነው። ዩኒፎርም፣ ጥሩምባ፣ ደመወዝ፣ አዛዥ። ወይም ደግሞ በቴሌቪዥን የምናየው፣ ጥቁር ሱፍ የለበሰ ሰማንያ ፈረንጅ። የማህበረሰብ ኦርኬስትራ ሁለቱንም አይደለም። እንጀራቸው ሙዚቃ ያልሆነ የአንድ ከተማ ሰዎች በቋሚ ሰዓት እየተገናኙ የሚለማመዱበት ትልቅ የሙዚቃ መሣሪያ ቡድን ነው። ነርሷ፣ መምህሩ፣ ጡረተኛው፣ ባጃጅ ነጂው፣ ተማሪው። አብዛኛውን ጊዜ የሚከፈለው መሪው ነው። አንዳንዱ ጋ የየመሣሪያው ቡድን አውራዎችም ይከፈላቸዋል። ሌላው ጭራሽ መዋጮ ያወጣል። በዓመት ጥቂት ጊዜ መድረክ ላይ ይወጣሉ፣ ቲኬት ይሸጣሉ፣ ከተማው ወይም አንድ ለጋስ ነጋዴ ይደግፋቸዋል።

ከኪነት ቡድን በምን ይለያል? ኪነት ላይ ዘፋኙና ተወዛዋዡ ፊት ናቸው፣ ማሲንቆው ከኋላ ያጅባል። ኦርኬስትራ ላይ መሣሪያው ራሱ ዋናው ነው። ከባንድስ? ባንድ ላይ አንድ ጊታር አንድ ሰው ነው። ኦርኬስትራ ላይ ስምንት ክራር አንድ ነገር ይመታል። ስምንቱ እንደ አንድ ካልተሰሙ ስምንት መሆናቸው ትርፉ ጫጫታ ነው።

ለጎጃም ሰው ባጭሩ ለማስረዳት ወንፈል ነው ማለት ይበቃል። ደቦ አይደለም። ደቦ አንድ ሰው ጠላውን ጠምቆ፣ ንፍሮውን ቀቅሎ፣ ጠርቶ የሚያሠራበት ነው። ወንፈል ብድር ነው። ዛሬ የእኔን ማሳ እናርማለን፣ ነገ ያንተን። ኦርኬስትራም እንዲሁ ነው። በዚህ ዜማ ክራሩ ፊት ይሆናል፣ ዋሽንቱ ከሥር ይደግፋል። በሚቀጥለው ይገላበጣል። ቀረህ ማለት የጎረቤትህ ማሳ አረም ዋጠው ማለት ነው።

ይሄ የሀብታም አገር ቅንጦት ነው የሚለኝ ሰው አይጠፋም። ኪንሻሳን ላንሳ። በፈረንጆቹ 1994 አርማንድ ዲያንጊዬንዳ የሚባል ሥራ ያጣ አውሮፕላን አብራሪ፣ የኪምባንጊስት ቤተ ክርስቲያን ምእመናንን ሰብስቦ ሲምፎኒ ኦርኬስትራ አቋቋመ። መሣሪያው ስለማይበቃ በየተራ ይያዝ ነበር። የቫዮሊን ክር ሲበጠስ በብስክሌት ፍሬን ሽቦ የተኩበት ጊዜ ሁሉ አለ። ቀን ገበያ የሚነግደው፣ ኤሌክትሪክ የሚሠራው ሰው ማታ ቤትሆቨን ይጫወታል። ኪንሻሳ ላይ መብራት የሚጠፋው ከእኛ ያነሰ አይመስለኝም።

የራሳችንም ታሪክ ከዚህ ሩቅ አይደለም። በ1916 ዓ.ም. ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌም ሲሄዱ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች ሙዚቃ ሰምተው አርባዎቹን ወደ አዲስ አበባ አመጧቸው። አርባ ልጆች የሚባሉት እነሱ ናቸው። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የንጉሠ ነገሥቱን ዘመን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ ደረሰ። የመንግሥት ኦርኬስትራችን የተጀመረው በስደተኛ ልጆች ነው ማለት ነው።

ለእኛ ጉዳይ የበለጠ የሚቀርበው ግን ሌላ ነው። በ1955 ዓ.ም. ግድም ሀሊም ኤል ዳብ የሚባል ግብጽ የተወለደ የሙዚቃ ቀማሪ፣ ያኔ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ይባል በነበረው ዩኒቨርሲቲ ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን አቋቋመ። ከተለያየ አካባቢ የመጡ ባለሙያዎችን አንድ ላይ አስቀመጠ። በገና፣ ማሲንቆ፣ ክራር፣ ዋሽንት፣ እምቢልታ፣ መለከት። እነዚህ መሣሪያዎች በልማድ አንድ ላይ አይቀመጡም ነበር። በገና የጸሎት ነው፣ ማሲንቆ የአዝማሪ፣ ዋሽንት የእረኛ፣ መለከት የቤተ መንግሥት። በኋላ ተስፋዬ ለማ ተረክቦ መራው።

እምቢልታን ካነሳሁ አይቀር አንድ ነገር ልጨምር። እምቢልታ ጣት የሚደፍነው ቀዳዳ የለውም። አንዱ ነፊ የሚያወጣው አንድ ሁለት ድምፅ ብቻ ነው። ሦስት ሆነው ሲቀባበሉ ነው ዜማ የሚሆነው። አንዱን ለይተህ «ዜማውን አሰማኝ» ብትለው የለውም። እንዲህ ያለ ነገር እያለን ኦርኬስትራ የፈረንጅ ነው ስንል ይገርመኛል።

አሁን ወደዚያ ሳሎን ልመልሳችሁ። የከረምንበት ችግር ቅኝት ነው።

አራቱን ቅኝቶች ታውቃላችሁ፤ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ። እያንዳንዱ አምስት ድምፅ አለው። ግን ቅኝቱን ማወቅ ብቻ አይበቃም። ትዝታው ከየት ይነሳ? አዝማሪ ማሲንቆውን የሚቃኘው በራሱ ድምፅ ነው። ቢያማው፣ ጉሮሮው ቢዘጋ ዝቅ አድርጎ ይቃኛል። ብቻውን ሲጫወት ይሄ ትክክል ነው። ስድስት ሲሆኑ ግን ስድስት ትዝታ አለ። ክራር ደግሞ ከትዝታ ወደ ባቲ ለመሻገር እንደገና መቃኘት አለበት፤ አድማጭ ተቀምጦ ባለክራሩ ሲያጠባብቅና ሲያላላ ያያል። የእኛ መላ ሁለቱን ክራሮች በተለያየ ቅኝት ማስቀመጥ ሆነ። ኦርጋኑ በበኩሉ ፋብሪካ ቃኝቶታል። ዋሽንትና ክራር የሚያወጡት ድምፅ ከኦርጋን ቁልፎች ጋር ሁልጊዜ ነጥብ በነጥብ አይገጥምም።

ታዲያ ማን በማን ይቃኝ? ስንከራከር ባለዋሽንቱ ዝም ብሎ ቆይቶ ከረጢቱን ፈታ። ሰባት ዋሽንት ደረደረ። ረጅሙ ወፍራም ድምፅ፣ አጭሩ ቀጭን። «እኔ ሸምበቆውን ማሳጠር እንጂ ማስረዘም አልችልም» አለ። «እናንተ መቃኛ አላችሁ፤ ከእነዚህ አንዱን ምረጡና ወደ እኔ ኑ።» አንዱን ነፋ። ማሲንቆው ወደዚያ ተጠማዘዘ። ክራሮቹ ተከተሉ። ኦርጋኑ ቅኝቱን የሚያቀጥንና የሚያወፍር ቁልፍ አለው፣ ተጫኑት፣ መጣ።

በኋላ እንደተረዳሁት የፈረንጆቹም ኦርኬስትራ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ኮንሰርት ሲጀመር መጀመሪያ የምትሰሙት ያ ነጠላ ድምፅ ከኦቦ የሚወጣ ነው። (የኦሮምኛው ኦቦ አይደለም፣ ትንፋሽ መሣሪያ ነው።) በሴኮንድ 440 ጊዜ የሚርገበገብ ድምፅ ይሰጣል፣ ሌላው ሁሉ በሱ ይቃኛል። ኦቦ የተመረጠበት አንዱ ምክንያት ድምፁ ጥርት ማለቱ ነው። ሌላው ደግሞ እንደ ባለክሮቹ በቀላሉ ሊስተካከል አለመቻሉ ነው። የሚችለው ወደማይችለው ይሄዳል።

ይሄ ነገር ከድምፅ አልፎ ቀጠሮ ላይም መጣብን። ባሕር ዳር የአንድ ዓይነት ሰው ከተማ አይደለችም። የድሮው ጎጃም ክፍለ ሀገር መተከልን ይጨምር ስለነበር አገው፣ ጉሙዝ፣ ሽናሻ፣ ኦሮሞ የዚሁ ምድር ሰው ነው። ጣና ዳር ታንኳ የሚሠራው የነገደ ወይጦ ሰው አለ። ዩኒቨርሲቲው ከአራቱም ማዕዘን ተማሪ ያመጣል። የልምምድ ሰዓት ለማውጣት ወረቀት ይዘን ተቀመጥን። እሁድ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን። አርብ ቀትር መስጊድ። እሁድ ከሰዓት እድር፣ ወይ ሰርግ። ምሽት አይታሰብም፤ ከመሸ እንደልብ መንቀሳቀስ ከቀረ ሰነባበተ። ሁዳዴ 55 ቀን ነው፣ ብዙ ሰው ዘፈን አይነካም። ረመዳን ደግሞ በየዓመቱ ቦታ ይቀይራል። ተርፎ የተገኘው ቅዳሜ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ቅዳሜ ገበያ ነው ያለ ነበር፣ ገበያተኛው እስከ ዘጠኝ ይመለሳል ተብሎ ተዘጋ።

በሁዳዴ ምን ይሁን በሚለው እስካሁን አልተስማማንም። የእኔ ሐሳብ፣ ያን ጊዜ ኖታ ማንበብ እንማር የሚል ነው። ኖታ ባዕድ ነገር አይደለም። የቤተ ክርስቲያናችን የዜማ ምልክት በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን በአዛዥ ጌራና በአዛዥ ራጉኤል እንደተደራጀ ይነገራል። ዜማ በጽሑፍ መያዝ ለእኛ አዲስ አይደለም ለማለት ነው።

መሪውንም በዚያው መንገድ ማስረዳት ይቀላል። «እጁን እያወናጨፈ ምን ይሠራል?» የሚል ሰው ማኅሌት ይቁም። መሪጌታው አለ፣ ቀኝ ጌታው አለ፣ ግራ ጌታው አለ። ከዝማሜው ወደ መረግዱ፣ ከዚያ ወደ ጽፋቱ ሲሸጋገር ሁሉም በአንድ እግር ነው። መቋሚያው ሲነሳ አይቶ የሚያውቅ፣ የመሪ ዱላ ምን እንደሆነ አይጠፋውም። ንጽጽሩ ግን እዚህ ላይ ይቁም። ወረቡን አምጥተን ከእስክስታ ጋር እናዋህድ የሚል ሐሳብ መጥቶ ነበር፤ እኔ ተቃውሜያለሁ። በገናም ሆነ መንዙማ የባለቤቱ ፈቃድ ይጠየቅበት። ባይሆን ለብቻው፣ በቦታው፣ ሌላው መሣሪያ ዝም ብሎ ይሰማ።

አሁን ስለ አዝማሪው። እዚህ ላይ ትንሽ እንድዘገይ ፍቀዱልኝ። የማህበረሰብ ኦርኬስትራ የአማተር ነው ብያለሁ። እኛ ጋ ግን ማሲንቆ ከአባት ለልጅ የሚወርድ ሙያ ነው። «አዝማሪ» ደግሞ ለብዙ ዘመን ስድብ ሆኖ ኖሯል። ሐኪሙ ማሲንቆ ይዞ መድረክ ላይ ሲወጣ እናቱ ምን ትላለች? አንዱ ችግር ይሄ ነው። ሌላው ችግር ግልባጩ ነው። እንጀራው የሆነውን ሰው «በነፃ ተለማመድ» ማለት ነውር ነው። እሱ ሌሊት ሲሠራ ያደረ፣ ግንባሩ ላይ በሚለጠፍ ብር ልጅ የሚያሳድግ ሰው ነው። የእኔ መልስ አጭር ነው። አዝማሪው አስተማሪ ነው፣ ይከፈለው። ከመዋጮው መጀመሪያ የሚወጣው ገንዘብ የሱ ይሁን። ከወንበርም፣ ከድምፅ ማጉያም በፊት።

ደግሞም የሱን ጥበብ መግደል የለብንም። ስምንት ክራር አንድ ነገር ሲመታ አዝማሪው ከተጻፈው ውጪ መሄድ አይችልም። ጎጃም ውስጥ፣ የዋሸራና የጎንጅ ቅኔ ቤቶች አገር ላይ፣ ሰምና ወርቅ የማይወጣበት ሙዚቃ ማን ይሰማል? ስለዚህ በእያንዳንዱ ዝግጅት አንድ ክፍት ቦታ ይኑር ብለናል። ኦርኬስትራው ዝቅ ብሎ አንድ ሐረግ እየደጋገመ ይቆያል። ከአዳራሹ አንዱ «ተቀበል!» ይላል። አዝማሪው ይቀበላል። ስንት ደቂቃ እንደሚቆይ መሪውም አያውቅም።

ለመጀመር ስንት ሰው ይበቃል? አሥራ ሁለት። ከዚያ በታች ከባንድ አይለይም፣ ከዚያ በላይ ሳሎኑ አይችልም። መሣሪያ ከውጭ እስኪመጣ አትጠብቁ፤ እዚሁ በሚሠራው ጀምሩ። እንደ እድር ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ ምረጡ፣ የቀረ ይቀጣ። አንድ ዜማ ብቻ ያዙና ሦስት ወር ተለማመዱት። እኛ ሁለት ሦስት ጀምረን አንዱንም ሳናጠናቅቅ ነው የከረምነው። ከበሮውን ከልምምድ በፊት ከቡናው ከሰል አጠገብ አሙቁት። ቆዳው ይወጠራል።

በሦስተኛው ሳምንት አንዲት ተማሪ ቫዮሊን ይዛ መጣች። ብትጎትት ብትጎትት ድምፅ የለም። የደጋኑ ጭራ የሚቀባው ሙጫ አልቆባታል፣ ከተማውን ዞራ አላገኘችም። ባለማሲንቆው ደጋኗን ተቀብሎ አገላብጦ አየ። የፈረስ ጭራ ነው፣ የሱም የፈረስ ጭራ ነው። የሱን እጣን ነው የሚቀባው። እጁን ወደ ረከቦቱ ሰደደና አንድ ፍሬ እጣን አንስቶ ጭራው ላይ አሸት አሸት አደረገላት። ትንሽ አቧራ አበዛ እንጂ ቫዮሊኑ ጮኸ። ከጓዳ በኩል ድምፅ መጣ፦ «እሱ እኮ የቡናው ነው!»