«የተወለደ እንጂ ያልተፈጠረ» ሲባል
ጸሎተ ሃይማኖት፣ ማለትም የእምነታችን መግለጫ የሆነው ጸሎት፣ ወልድን «የተወለደ እንጂ ያልተፈጠረ» ይለዋል። ደጋግማችሁ የምትጠይቁትም ይህንኑ ነው፤ ወልድ ከተወለደ መጀመሪያ አለው ማለት አይደለም ወይ? አይደለም። ወልድን ፍጡር ነው ያለው ካህኑ አርዮስ «ወልድ ያልነበረበት ጊዜ ነበረ» ብሎ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ325 በኒቅያ ከተማ በጉባኤ የተሰበሰቡት የቤተ ክርስቲያን አባቶች ይህችን ሐረግ ያስገቡት ለእሱ መልስ ነው።

አናጺ ጠረጴዛ ቢሠራ ሥራው እንጨት ነው፤ ልጅ ቢወልድ ግን ልጁ እንደ እሱው ሰው ነው። ወልድም ከአብ ስለተወለደ በባሕርዩ አምላክ እንጂ ፍጡር አይደለም። ምሳሌው ከዚህ አያልፍም፤ የሰው አባት ልጁን በዕድሜ ይቀድመዋላ! ጸሎቱ ግን «ዓለም ሳይፈጠር» ስለሚል በአብና በወልድ መካከል መቅደምና መከተል የለም።

እስከዚህ ድረስ ኦርቶዶክሱም፣ ካቶሊኩም፣ አብዛኛው ፕሮቴስታንትም አንድ ነው። ልዩነቱ ወረድ ብሎ ነው፤ መንፈስ ቅዱስ «ከአብ የሠረጸ» (የወጣ) በሚለው ላይ ምዕራባውያን «ከወልድም» ብለው ጨምረዋል። እሱ ራሱን የቻለ ክርክር ነው፤ ከዚህኛው ጋር አትቀላቅሉት።